በጤፍ የተለካ

ሞጣ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ካሰች፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምና ጤና ከደጅዎ አይራቅ እላለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ ደህና ነን፤ ባለቤቴ ሰማውም ልጆቹም እጅ ነሥተዋል። ለእናቴ ለባንቺዓለም ሙት ዓመት መጥተው ከተመለሱ ወዲህ ድምፅዎን አልሰማሁም፤ ኔትወርኩን ያውቁታል። ይህን ደብዳቤ ቢቸና እህል ሊጭን በሚመጣው በሐምዱ እጅ ልኬዋለሁ። በውስጡ ያለውን አያውቅም።

እትዬ፣ ኔትወርክ ቢኖርም በስልክ የማይነገር ጉዳይ አለኝ። ካቻምና የግራ ጡቴን በካንሰር ምክንያት አዲስ አበባ እንዳወጡልኝ ያስታውሳሉ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሕመሙ አልተመለሰም። አሁን ወደ አንድ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም መርተውኝ ነበር፤ የወጣውን ጡት በሲሊኮን መልሶ መሥራት ይቻላል አለኝ። ሲሊኮን ማለት እንደ ተመታ አብሽ ያለ ለስላሳ ነገር በስስ ከረጢት ታሽጎ ነው፤ ከቆዳ ሥር ያስገቡታል። መጀመሪያ ሲያወጡት ቆዳውን ስላተረፉልኝ ቦታ አለው ብሏል።

ጭንቀቴ መጠኑ ነው። መራጯ እኔ ነኝ። ሐኪሙ ቀኙን በመለኪያ ለክቶ፣ "ሁለት መንገድ አለ። ወይ ከቀኙ የሚተካከል እናስገባለን፤ እሱ በግምቴ ከሁለት መቶ ሃምሳ እስከ ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ነው። ወይ ቀኙንም ጨምረን ሁለቱንም እናተልቃለን። ቤትሽ ገብተሽ ሞክሪና ቁርጡን ንገሪኝ" አለኝ። ሲሊኮኑ ከውጭ አገር በቁጥር ታዞ ስለሚመጣ እስከ ታኅሣሥ ሠላሳ ቁጥሩን መናገር አለብኝ። አንዴ ከታዘዘ መመለስ የለም፤ አንዴ ከገባ ደግሞ ለማስተካከል ሌላ ቢላዋ ነው።

ሰማውን ስጠይቀው "አንቺ ደስ ያለሽ" ይላል። ጥሩ ሰው ነው፤ ለምክር ግን አይሆንም። ዱባይ ያለችው እህቱ ጥሩአየሁ በበኩሏ "ከተኛሽ አይቀር ሁለቱንም አስተልቂና ሞጣ ትደንግጥ" ብላ ልካብኛለች። እውነቱን ልንገርዎ፤ አንዳንድ ቀን ልቤ ወደሷ ያደላል። ተማሪ ሳለሁ ወንዶቹ "ጥቁር ሰሌዳ" ይሉኝ ነበር። አሁን በሰሌዳ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ስሙ ግን አልለቀቀኝም።

እናቴ ብትኖር እሷን እጠይቅ ነበር። ቢወቅሱኝም ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ማስተዋል


ቢቸና፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማስተዋል፣

አንቺንም ባልሽንም ልጆችሽንም የሚጠብቅ አምላክ አይተኛ። ጉልበቴን ጠይቀሻል፤ ጉልበቴ እንደ ዘመድ ነው፣ ስጠራው አይመጣም።

ሐምዱ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ "ላንብብልዎ እናቴ?" አለኝ። "ከፈለግህ እኔ ላንተ ላንብብልህ" አልሁት። በሃምሳ አምስት ዓመቴ የጎልማሶች ክፍል ገብቼ ፊደል የቆጠርሁት ለዚህ ነው፤ የራሴን ደብዳቤ ራሴ አንብቤ ራሴ እንድናደድ።

እናቴ ብትኖር እሷን እጠይቅ ነበር ብለሻል። እናትሽ ብትኖር ለኔ አትጽፊም ነበር ማለት ነው። ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ። አባቴ የአያትሽ የመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ የአጎት ልጅ ነበር። እሱ ሲሞት መሪጌታ ከግንደወይን ሞጣ ወስደው አሳደጉኝ። እናትሽን ከወንድሞቿ ጋር አስቀምጠው ሀ ሁ ሲያስቆጥሯት እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። "አንቺ ውኃ ቅጂ" አሉኝ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ውኃውን ቀዳሁ።

ወደ ጉዳይሽ ልምጣ። እኔን ከጠየቅሽ ነገሩን ተይው እልሽ ነበር። ግን እንደማትተይው ከጽሕፈትሽ አይቻለሁ፤ "መጠን" የምትለዋን ቃል ስትጽፊ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። ስለዚህ ስለ መጠኑ እንነጋገር።

ጥሩአየሁን አትስሚ። እሷ ዱባይ ተቀምጣ ሞጣን ታስደነግጣለች፣ ተሸካሚዋ አንቺ ነሽ። ሠላሳ ዓመት ጤፍ ስሸጥ ያየሁት ነገር አለ፤ ተከምሮ የተሰፈረ ቁና የሚያስደስተው ቆሞ የሚያየውን ነው፤ የሚሸከመው ሰው ስለ ወገቡ ነው የሚያስበው። ደግሞስ ቀኙ ምን በደለ? ሁለት ልጅ አጥብቶ፣ በሽታውን ሳይቀበል፣ ቦታው የቆመ ጡት ነው። ታማኙን ስለ ከዳተኛው ብለሽ ታስቀጪዋለሽ?

"ሰሌዳ" ያሉሽ ወንዶች ዛሬ ግማሾቹ ራሰ በራ ናቸው። እኩል አድርጊውና ተገላገይ። ቁጥሩን በምን እንደምታውቂው ግን አልገባኝም። ጻፊልኝ።

ካሰች


ሞጣ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ካሰች፣

የነቢያት ጾም በረከት ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቴ ተቆጣሁ፣ በሦስተኛው ሳቅኩ። ስለ ታማኙና ስለ ከዳተኛው የጻፉትን ለሰማው ሳነብለት የያዘውን ሻይ ደፋው።

ቆርጫለሁ። ቀኙን አላስነካም፤ ግራው ከሱ እኩል ይሁን። ቁጥሩን እንዴት እንዳገኘሁት ልንገርዎ። የሐኪሙ ነርስ ስትመክረኝ "በስስ ስቶኪንግ ሩዝ ሙይና ቋጥረሽ በጡት መያዣሽ ውስጥ አድርጊው። ሥራሽንም ሥሪበት፣ ሂጂበት፤ እኩል የሆነልሽን ልክ ትነግሪናለሽ" ብላኝ ነበር። ሩዝ ቤት አልነበረም። እርስዎ የላኩልኝ ማኛ ጤፍ ነበር።

የሐምዱ ሚስት ሳብሪያ ሱቅ ሄጄ በሚዛን አስለካሁት፤ አንዱ ሁለት መቶ፣ አንዱ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ አንዱ ሦስት መቶ ግራም። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ "ለተማሪዎች ማሳያ" አልኳት። ውሸትም አይደል።

ሁለት መቶውን አድርጌ ትምህርት ቤት ዋልኩ፤ ቀሚሱ ወደ ቀኝ ተሳበ። በማግስቱ ሦስት መቶውን አደረግኩ፤ ወደ ግራ ተሳበ። ይባስ ብሎ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ቋጠሮው ላላና ጤፉ በቀሚሴ ሥር ወደ ጫማዬ ይወርድ ጀመር። የኔሰው የሚባል አፉ የማያርፍ ተማሪ አለኝ፤ "ቲቸር፣ ዛሬ ከወፍጮ ቤት ነው የመጡት?" አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "ስለ ክፍልፋይ ነው የምንማረው፣ ተቀመጥ" ብዬ ወጣሁ።

ሁለት መቶ ሃምሳው ግን ልክ ሆነ። አንድ ሳምንት ሙሉ ለበስኩት፤ ከመስታወት ፊት በሁሉም ቀሚሶቼ አየሁት። እኩል ነው። ሐኪሙ በሚሊ ሊትር ንገሪኝ ብሏል፤ አንድ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ስለሆነ ሁለት መቶ ሃምሳ እለዋለሁ። እሱ ከገመተው ውስጥም ነው። ኔትወርክ እንደመጣ እደውልለታለሁ። ቁጥሩ ከተገኘ ወዲህ እንቅልፌ ተመልሷል።

ልጅዎ ማስተዋል


ቢቸና፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማስተዋል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር መልሴ ዘገየ። እኔ ደህና ነኝ። የጎረቤቴ የወልደ ሰንበት ላም ጥጃ ጥላለች። ብርዱ ጠንክሯል።

ስለ ነገሩ የጻፍሽውን አይቻለሁ። የተማርሽ ነሽ፣ ታውቂበታለሽ። እግዚአብሔር የመረጥሽውን ይባርክልሽ።

ካሰች


ቢቸና፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማስተዋል፣

ሰላምታውን ሌላ ቀን አደርሰዋለሁ። ለሐኪሙ ካልደወልሽ አትደውይ። ደውለሽም ከሆነ እንደገና ደውለሽ ቁጥሩን አስለውጪ። ከትናንት ጀምሮ ስልክ ስሞክር ዋልሁ፣ አይገባም። ሐምዱ በር ላይ ቆሞ "እናቴ፣ ሞተሩ ተነሥቷል" ይለኛል። "ሞተሩ ተነሥቶ ይቆይ" ብዬዋለሁ።

ጤፍ ውኃ አይደለም። አንድ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር የሚሆነው ውኃ ነው። ሐኪሙ የጠየቀሽ ስፍር ነው፣ አንቺ የያዝሽለት ሚዛን ነው። ሽንብራና ጤፍ በአንድ ቁና ብትሰፍሪ ክብደታቸው እንደማይገናኝ ገበያ የዋለ ሁሉ ያውቃል። እኔ ደግሞ ከመናገሬ በፊት ሞከርሁት። የግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስ አድርቄ ያንኑ ማኛ እስከ አፉ ሞላሁና በሚዛን አስለካሁት። አራት መቶ ሃያ ግራም ብቻ መዘነ። ቀጥዬ ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም መዝኜ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመርሁ፤ ከግማሽ አልፎ ወጣ። መቶ ሚሊ ሊትር በምትይዝ ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ እየሰፈርሁ ቆጠርሁት። ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ነው። ያ እኩል ሆነልኝ ያልሽው ከረጢት ሦስት መቶ ነው። ሁለት መቶ ሃምሳ ብለሽ ካዘዝሽ ግራሽ ጎድሎ ይቀራል።

አሁን የማይጻፈውን ልጻፍ። መንገዱ አልተዘጋም ነበር። ደብዳቤሽ ኅዳር ሃያ ስምንት ደርሶኛል፤ ስሕተቱንም ያየሁት ያን ዕለት ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ይዤው ተቀመጥሁ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። የመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ የልጅ ልጅ፣ ባለ ዲግሪዋ፣ ሒሳብ አስተማሪዋ ተሳሳተች፤ ያወቀባት ደግሞ ውኃ ቅጂ የተባለችው ናት። ጣፈጠኝ። እንደ ከረሜላ በጉንጬ ይዤው ገበያ ዋልሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ ለራሴ እስቅ ነበር። ከዚያ ያችን ሦስት መስመር ደብዳቤ ጻፍሁልሽ፤ "የተማርሽ ነሽ፣ ታውቂበታለሽ" ብዬ። ምርቃት አልነበረም።

ትናንት የጎደለውን ሃምሳ ሚሊ ሊትር በመዳፌ ላይ አፈሰስሁት። እፍኝ አይሞላም። ያችን እያየሁ የእናትሽ ሙት ዓመት ትዝ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ነጠላሽን በግራ በኩል በእጅሽ ይዘሽ ነበር። እንግዳ ሁሉ ስታስተናግጂ በአንድ እጅሽ ነው፤ ወጡን እንኳ በአንድ እጅሽ ነው ያወጣሽው። ያኔ "ቅንጦተኛ" ብዬ አምቼሻለሁ። ለምን እንደያዝሽው የገባኝ ትናንት ነው። በመዳፌ ያለችው ጤፍ ያን እጅሽን ዕድሜ ልክሽን እዚያው ታስቀረው ነበር።

መሪጌታ በድለውኝ ይሆናል። አንቺ ግን ያኔ አልተወለድሽም።

ሐምዱ ጥሩምባ እየነፋ ነው። ሦስት መቶ በይው።

ካሰች


ሞጣ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ካሰች፣

ልደቱን በጤና ያድርስዎ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ሰማውና እኔ ልጆቹን አስወጥተን በር ዘግተን በጠርሙስ ጤፍ ስንሰፍር ዋልን። እንዳሉት ነው። ሦስት መቶ ወጣ። ሰማው ወለሉ ላይ ተቀምጦ እስኪያለቅስ ሳቀ። "አሥር ዓመት መጠነ ቁስና ይዘት ያስተማርሽው ለማን ነበር?" አለኝ። ትምህርት ቤት እንዳይሰማ አስምዬዋለሁ።

እኔ ግን በዚያው ቀን መሳቅ አልቻልኩም። ተናድጄብዎታለሁ እትዬ፤ ካልጻፍኩት እኔም እንደ እርስዎ በጉንጬ ልይዘው ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ብዙ ነው። ሦስት ጊዜ ለመደወል ወጥቼ ኔትወርክ ስላጣሁ ነው እንጂ ሁለት መቶ ሃምሳው ታዝዞ ነበር። ትናንት መስመሩ ሲመጣ ደወልኩ። ሦስት መቶ አልኩት። "እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ። "ነጋዴ ሰፍራልኝ ነው" አልኩት።

ስለ አያቴ የጻፉትን እናቴ አንድም ቀን አልነገረችኝም። ምናልባት አፍራ ይሆናል። እሳቸውን ወክዬ ይቅርታ ልጠይቅ አልችልም፤ ባነበብኩ ቁጥር ግን ያችን በሩ ላይ የቆመች ልጅ ግቢ የሚላት ሰው ማጣቷ ይቆጨኛል።

ቀጠሮዬ የካቲት ስድስት ነው። ሰማው ልጆቹን ይዞ ይቀራል። ከጎኔ የምትሆን ሴት እፈልጋለሁ፤ እርስዎን ነው የምፈልገው። ንዴቴ እስከዚያ ያልፋል። የሚመጡ ከሆነ ለሐምዱ "እሺ" ብቻ ይበሉት።

ማስተዋል


ቢቸና፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማስተዋል፣

"እሺ"ን በሐምዱ አፍ አልልክም፤ እጽፈዋለሁ። እሺ። ንዴትሽ ተገቢ ነው፣ እስከፈለግሽ አቆይው።

ቢቸና መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ደጀን ላይ የምናድር ከሆነ አልጋውን የምመርጠው እኔ ነኝ። አንቺ ልክ አታውቂም።

ካሰች


ሞጣ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ ለእትዬ ካሰች፣

ጾሙን በጤና ያስፈጽምዎ። ከአዲስ አበባ ተመልሼ ቢቸና ካወረድኩዎት ወዲህ መጀመሪያ የምጽፈው ይኸው ነው። ቁስሉ ድኗል፣ ክሩም ወልቋል። ሐኪሙ ከባድ አታንሺ ያለኝ ጊዜ አልፏል።

ከትናንት በስቲያ ለደብረ ዘይት በዓል ሰማያዊውን ቀሚሴን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስወጣ ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሳሙኝ። አንዷ ስለ ዘይት መወደድ ነገረችኝ፣ አንዷ የልጇን ውጤት ጠየቀችኝ። የኔሰው ከሩቅ አይቶኝ መጣ፤ እንግዲህ ይሄ ልጅ ካላየው ማንም አያየውም ብዬ ቆምኩ። ከላይ እስከ ታች አየኝና "ቲቸር፣ ፈተናው ሰኞ ነው እንዴ?" አለኝ።

ማንም ምንም አላየም እትዬ። ሞጣ ሁሉ በአጠገቤ አለፈ፤ ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ቤት እስክደርስ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት፤ ከደስታ ነው፣ አይስጉ። ለጥሩአየሁ ፎቶ ብልክላት "ታዲያ ምኑ ተለወጠ?" አለችኝ። "እሱን ነው የገዛሁት" አልኳት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከማደንዘዣው ስነቃ ነርሷ እርስዎን እያየች ስትስቅ አይቻለሁ። መኪና ውስጥ ስጠይቅዎ የተኙ መሰሉ። ምን ብለዋት ነው?

ልጅዎ ማስተዋል


ቢቸና፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማስተዋል፣

ደብዳቤሽን ገበያ ላይ፣ ጤፌ መሀል ተቀምጬ አነበብሁት። አንድ ገዥ "ምን ተገኝቶ ነው የሚስቁት?" አለኝ። "ሰው አላያትም" አልሁት። ግራ ተጋብቶ ሳይገዛ ሄደ። ይሂድ።

መኪና ውስጥ አልተኛሁም፤ አስመስዬ ነው። የሆነውን ልንገርሽ።

አንቺን ከማስገባታቸው በፊት ሐኪሙ ወደ እኔ መጣ። ገና ልጅ ነው፣ ጺሙ እንኳ በቅጡ አልበቀለም። "ጤፍ የሰፈሩት እርስዎ ነዎት?" አለኝ። ነኝ አልሁት። "እኔ በመለኪያዬ ሁለት መቶ ዘጠና ነው ያገኘሁት። ሲሊኮኑ የሚመጣው በሃያ አምስት በሃያ አምስት እየጨመረ ስለሆነ ሦስት መቶው ነው ልኩ" አለኝ። "አሥሩ የት ሄደ?" አልሁት። "አሥሩን እኔ እከፍላለሁ እናቴ" ብሎ ስቆ ገባ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ወደድሁት።

ሦስት ሰዓት ከምናምን ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥሁ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አንብቤ ጨረስሁ፤ ደግሜም አነበብሁት። ጸሎት ማድረስ ፈልጌ የመጣልኝ ቁጥር ብቻ ነበር። ሦስት መቶ፣ ሦስት መቶ። ጠርሙሷ ተሳስታ ቢሆንስ? ሚዛኑ የተበላሸ ቢሆንስ? ሠላሳ ዓመት ለሰው ስሰፍር እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

በመጨረሻ ነርሷ በሩን ከፍታ ወጣች። ወረቀቷን አየችና "የማስተዋል እናት የት አሉ?" ብላ ተጣራች።

ኮሪደሩ ላይ ብዙ ሴቶች ነበሩ። ማንም አልተነሣም። እናቷ ሞታለች፣ እኔ የአያቷ የአጎት ልጅ ልጅ ነኝ ብዬ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ያን ሁሉ ዘር ቆጥሬ ሳልጨርስ በሩን ልትዘጋው ነው። ተነሣሁ።

"አቤት" አልሁ።

"በደህና አልቋል እናቴ። በጣም ቆንጆ ሆኗል፣ ሁለቱም እኩል ናቸው።"

"በሚዛን ነው በስፍር?" አልኋት።

የሳቀችው በዚህ ነው። "በዓይን" አለችኝ፤ እጄን ይዛ ወደ አንቺ አስገባችኝ። እስክንወጣ ድረስ ሦስቱንም ቀን "የማስተዋል እናት" ስትለኝ ቆየች። ከመዝገቡም ላይ እንደዚያው ብላ ጽፋዋለች፤ አንብቤዋለሁ።

የተማረ ሰው ሲሳሳት እንደማላልፍ አንቺ ታውቂያለሽ። ይሄን ግን አላረምሁትም።

ካሰች